ባቡር ለምን ትንሽ ጉልበት ይበቃዋል? ከሰሜን ሸዋ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ከተማችን ሀዲድ የላትም። ስለ ባቡር የምጠየቀው ጥያቄ ግን ብዙ ነው። ፊዚክስ ስለማስተምር ተማሪ ይጠይቀኛል። የአይሱዙ ሾፌር ይጠይቀኛል። ቡና ላይ ጎረቤት ይጠይቀኛል። የሁሉም ነገር ዞሮ ዞሮ አንድ ቦታ ያርፋል፦ ያን ሁሉ ጭነት ይዞ እንዴት በትንሽ ጉልበት ይሄዳል? ስመልስ የከረምኩትን እዚህ ሰብስቤዋለሁ።

የመንከባለል ሰበቃ ምንድን ነው?

ከጋሪ እንጀምር። እዚህ ከተማ ጋሪ የተሳፈረ ሰው ይህን በዓይኑ አይቶታል። ጎማው በደንብ ሲነፋ ፈረሱ በሶምሶማ ይሄዳል። ጎማው ሲተነፍስ ያው ፈረስ አንገቱን ደፍቶ ይጎትታል። ጎኑን ላብ ያጠምቀዋል። ባለጋሪው ይወርድና ጎማውን በእግሩ ረገጥ ረገጥ ያደርገዋል። ክብደት አልተጨመረም። መንገዱም ያው ነው። ታዲያ ፈረሱን ምን ከበደው?

የከበደው የጎማው መጨፍለቅ ነው። ጎማ መሬት በነካ ቁጥር ይጨፈለቃል፤ ሲለቅ ወደ ቅርጹ ይመለሳል። ሲጨፈለቅ የወሰደውን ጉልበት ሲመለስ ሙሉውን አይከፍልም። የቀረው ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ይህ በእያንዳንዱ ዙር የሚበላ ጉልበት ነው የመንከባለል ሰበቃ የሚባለው።

ማየት የሚፈልግ በጫጫ በኩል ፍሬን ብዙም ሳይያዝ የመጣ የጭነት መኪና ሲቆም ጎማውን በእጁ ይንካ። ይሞቃል። ያ ሙቀት ከነዳጁ ተቀንሶ የተከፈለ ነው። ከጣርማ በር ተራራ ወርዶ የቆመውን ግን ለዚህ ሙከራ አትጠቀሙበት። የእሱ ሙቀት ከፍሬን ጋር የተቀላቀለ ስለሆነ ያሳስታል፣ እጅም ያቃጥላል።

የባቡሩ የሚያንሰው ብረቱ ለስላሳ ስለሆነ ነው?

ብዙ ሰው እንደዚያ ያስባል። ዋናው ምክንያት ግን ልስላሴው ሳይሆን ጥንካሬው ነው። የብረት ጎማ በብረት ሀዲድ ላይ ሲያርፍ የሚነካው ቦታ የአውራ ጣት ጥፍር ያህላል። በዚያች ቦታ ላይ ቶኖች ይጫናሉ። ብረቱ የሚጨፈለቀው ዓይን በማያየው መጠን ነው፤ ሲመለስም የወሰደውን ጉልበት ከሞላ ጎደል ይመልሰዋል። ስለዚህ የሚባክነው ትንሽ ነው።

በቁጥር ምን ያህል ይለያያል?

10 ኩንታል የጅሩ ስንዴ እናስብ። አንድ ቶን መሆኑ ነው። ለጥ ባለ መሬት፣ ቀስ ብሎ እየሄደ፣ ይህን ስንዴ ላለማቆም የሚያስፈልገው ግፊት እንዲህ ነው። በሀዲድ ላይ የ1 ወይም የ2 ኪሎ ክብደት ያህል ይበቃል። በጭነት መኪና ጎማ፣ በጥሩ አስፋልት፣ ከ6 እስከ 10 ኪሎ ይሆናል። በትናንሽ መኪኖች ጎማ ከ10 እስከ 15 ኪሎ ይደርሳል። ኮረኮንች መንገድ ላይ ከዚህም ይብሳል።

ይህን ስናገር የሚያምነኝ ተማሪ ጥቂት ነው። ግን 20 ቶን የሚመዝን ባዶ ፉርጎ ለጥ ባለ ሀዲድ ላይ አንዴ ከተንቀሳቀሰ በኋላ የሚፈልገው 40 ኪሎ ያህል ግፊት ነው። ሁለት ጎበዞች ይገፉታል። ከቆመበት ማስነሳቱ ነው የሚከብደው።

ታዲያ ከሸዋ ሮቢት እስከ ደብረ ብርሃን ሀዲድ ቢዘረጋ ነዳጅ በአራት እጥፍ አይቀንስም?

ይህን የጠየቀኝ ሾፌር ነው። ዕድሜውን ሙሉ የደብረ ሲናን ዳገት በሁለተኛ ማርሽ ሲወጣ የኖረ ሰው። ጥያቄው ከሁሉም የምወደው ነው፤ ምክንያቱም በዚህ አገር ስለ ባቡር ሲወራ የሚዘለለው እዚህ ላይ ያለው ነገር ነው። በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ እንደሚባለው፣ እኛም የሀዲዱን ምቾት እናይና ዳገቱን እንረሳዋለን።

ሸዋ ሮቢት ከባህር ጠለል በላይ 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ደብረ ብርሃን 2,840 ገደማ ላይ። ልዩነቱ 1,560 ሜትር ነው። መሀል ላይ ያለውን የጣርማ በርን ከፍታ ለጊዜው እንተወው።

አሁን ሒሳቡን አብረን እንሥራ። አንድ ቶን ስንዴ 1,560 ሜትር ወደ ላይ ማንሳት ማለት 1,000 ኪሎ በ1,560 ሜትር ማባዛት ነው። 1,560,000 ይመጣል። በሀዲድ ላይ ያው ቶን የሚፈልገው ግፊት 2 ኪሎ ነው ብለናል። 1,560,000ን ለ2 ስናካፍል 780,000 ሜትር ይሆናል። 780 ኪሎ ሜትር ማለት ነው።

ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ያለው የባቡር መስመር 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እንግዲህ ስንዴውን ከሸዋ ሮቢት ደብረ ብርሃን ማውጣት ብቻ፣ ለጥ ባለ ሀዲድ ላይ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ድረስ የሚያንከባልለውን ጉልበት ይበላል። መጀመሪያ ስሠራው ራሴ ተጠራጥሬ ደግሜ አስልቼዋለሁ።

አሁን የሾፌሩን ጥያቄ እንመልስ። መንገዱ 100 ኪሎ ሜትር ነው እንበል። ባቡሩ ለመንከባለል 2 ኪሎ በ100,000 ሜትር ሲባዛ 200,000፣ ለዳገቱ 1,560,000 ይከፍላል። ድምሩ 1,760,000። መኪናው በ8 ኪሎ ግፊት ብናሰላው ለመንከባለል 800,000፣ ለዳገቱ ያንኑ 1,560,000 ይከፍላል። ድምሩ 2,360,000። ሜዳ ላይ አራት እጥፍ የነበረው ልዩነት ዳገት ላይ ወደ አንድ ተኩል እጥፍ እንኳ የማይደርስ ሆነ። ከፍታ ለብረትም ለጎማም ዋጋው አንድ ነው። እዚህ ላይ የራሳቸውን የመኪናውንና የፉርጎውን ክብደት አልቆጠርኩም፤ ብንቆጥረውም የነገሩ መልክ አይለወጥም።

ሌላም አለ። የጭነት ባቡር ሀዲድ ብዙውን ጊዜ በ100 ሜትር ከ1 እስከ 2 ሜትር በላይ ከፍ እንዲል አይደረግም። ያን 1,560 ሜትር በ100 ሜትር 1.5 እያሉ ለመውጣት ያለማቋረጥ 104 ኪሎ ሜትር ዳገት ያስፈልጋል። ጣርማ በርን ጨምረን መጀመሪያ ወጥተን ከዚያ ስንወርድ ደግሞ ይረዝማል። ጣሊያን የጣርማ በርን ዋሻ የበሳው ለመኪና ነው፤ መኪና በጠመዝማዛ መንገድ እየተዟዟረ ይወጣዋል። ሀዲድ እንደዚያ አይታጠፍም። ሀዲድ ሲታጠፍ የጎማው ከንፈር የሀዲዱን ጎን እየፋቀ ሌላ ሰበቃ ይጨምራል።

ለዚህ ነው አዲሱ ሀዲድ በቆላው በኩል ያለፈው?

መስመር ሲመረጥ የሚታዩ ነገሮች ብዙ ናቸው። ዳገቱን ብቻ ካየን ግን ቆላው ግልጽ ምርጫ ነው። ግንባታው በ2007 ዓ.ም. የተጀመረው የአዋሽ፣ ኮምቦልቻ፣ ወልዲያ መስመር 390 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመት አለው። የእኛን ዞን በሸዋ ሮቢት በኩል ይነካል። አዋሽ 1,000 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ ላይ። 850 ሜትር ልዩነት በ270 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ነው። በአማካይ በ1,000 ሜትር 3 ሜትር እንኳ በቅጡ አይበልጥም። በየቦታው ከዚህ የሚብስ ዳገት ይኖራል፤ ለዚህም ነው ድልድይና ዋሻ የበዛበት። ቢሆንም ከደጋው ጋር አይወዳደርም።

በነገራችን ላይ፣ የመጀመሪያውን ሀዲድ ያስጀመሩት ምኒልክ የተወለዱት እዚሁ አጠገባችን አንጎለላ ነው። ፈቃዱን ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነበር። ያም ሀዲድ ከጅቡቲ ተነስቶ በድሬዳዋ በኩል አዲስ አበባ ሲገባ 1909 ዓ.ም. ሆኖ ነበር። እሱም ቢሆን የሸዋን ደጋ በሰሜን በኩል አልሞከረውም።

ሲወጣ የከፈለውን ሲወርድ መልሶ አያገኘውም?

ያገኘዋል፤ በከፊል። ይህ ደግሞ የኤሌክትሪክ ባቡር ትልቁ ጸጋ ነው። የጭነት መኪና ከጣርማ በር ሲወርድ ያን ሁሉ የከፍታ ጉልበት በፍሬንና በሞተር ፍሬን ሙቀት አድርጎ ይበትነዋል። አርማንያ አካባቢ መስኮት ከፍቶ የተቀመጠ ሰው የተቃጠለ ፍሬን ሽታ ያውቀዋል። ያ ሽታ ዳገቱን ሲወጣ የተቃጠለው ናፍጣ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የኤሌክትሪክ ባቡር ሲወርድ ሞተሩ ተገላብጦ ጄነሬተር ይሆናል። ባቡሩን እየያዘ ኤሌክትሪክ ወደ ሽቦው ይልካል። ያን ጊዜ በዚያው መስመር ዳገት የሚወጣ ሌላ ባቡር ካለ ይጠቀምበታል። የሚመለሰው ሙሉው አይደለም። ግን ከዜሮ ጋር ሲተያይ ብዙ ነው።

ብረት በብረት ላይ ከሆነ አይንሸራተትም?

ሁለት ነገሮችን እንለይ። የመንከባለል ሰበቃ ጉልበት የሚበላው ነው። መቆንጠጥ ደግሞ ጎማው ሀዲዱን ይዞ እንዲገፋ የሚያደርገው ነው። የመጀመሪያው ትንሽ ቢሆን ደስ ይለናል። ሁለተኛው ትንሽ ሲሆን ግን ችግር ነው።

ደረቅ ሀዲድ ላይ የመቆንጠጡ መጠን በጎማው ላይ ካረፈው ክብደት ሩብ ወይም ትንሽ በለጥ ያለ ነው። ካፊያ ሲጥል ወይም ቅባት ሲነካው በግማሽና ከዚያ በላይ ይወርዳል። ለዚህ ሎኮሞቲቭ ከጎማው ፊት አሸዋ የሚረጭ ቱቦ አለው። እንደ ቀላል ነገር ይታያል፤ ግን ዛሬም የሚሠራበት መላ ነው። ባቡር ቀጥ ያለ ዳገት የማይወጣበት አንዱ ምክንያት ይኸው የመቆንጠጥ ማነስ ነው።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ለሕይወት የሚያሰጋ ስለሆነ ረጋ ብላችሁ አንብቡት። በፍጥነት የሚሄድ ባቡር ሾፌሩ ፍሬን ይዞም ለመቆም 1 ኪሎ ሜትር ያህል ሊፈልግ ይችላል። የጫነ የጭነት ባቡር ከዚህም ሊያልፍ ይችላል። ሾፌሩ ሰው ወይም ከብት አይቶ ቢሞክርም አይደርስም። በአዲስ አበባ ጅቡቲ መስመር ላይ ስንት ግመልና ከብት አልቋል። በሸዋ ሮቢትና በአጣዬ አካባቢ ከብት የምታግዱ፣ ልጆቻችሁን ሀዲድ ላይ አታስቀምጡ። ባቡሩ ከሩቅ ሲታይ ቀስ ያለ ይመስላል። ድምፁም ከኋላ ሲመጣ እስኪቀርብ ድረስ አይሰማም።

ሀዲድ ላይ የቆመ ፉርጎ ለምን ብቻውን ይሄዳል?

ሰበቃው ትንሽ ስለሆነ ነው። በ1,000 ሜትር 2 ሜትር የሚወርድ ሀዲድ ዓይን ሜዳ ይለዋል። ለፉርጎ ግን ቁልቁለት ነው። የጣርማ በር ሾፌሮች ከጎማ ሥር ድንጋይ ታኮ ያደርጋሉ፤ የባቡር ሠራተኞችም የብረት ታኮ አላቸው። የእነሱ ግን ሥራው ሲያልቅ ተነስቶ ወደ ቦታው ይመለሳል። እኛ አገር መኪናው ሲሄድ ድንጋዩ እዚያው መሀል አስፋልት ይቀራል። ሌሊት በጉም ለሚመጣ ሰው ያ ድንጋይ ምን እንደሚያደርግ የምናውቀው ነን። እባካችሁ አንሱት።

ፍጥነት ሲጨምርስ?

ያኔ ጨዋታው ይቀየራል። የመንከባለል ሰበቃ በፍጥነት ብዙ አይለወጥም። የነፋስ ግፊት ግን ፍጥነት እጥፍ ሲሆን አራት እጥፍ ይሆናል። 120 ኪሎ ሜትር በሰዓት የሚሄድ የመንገደኛ ባቡር ከጎማው ይልቅ ነፋሱ ነው የሚያለፋው።

እዚህ ላይ የባቡር ርዝመት ይረዳል። አየሩን የሚሰነጥቀው የፊተኛው ነው፤ ሌላው በጥላው ይከተላል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። አንድ አፍንጫ ለ15 ፉርጎ ይበቃል። 15 አውቶቡስ ግን 15 ጊዜ አየር ይሰነጥቃል።

የእኛ ከፍታም የራሱ ስጦታ አለው። ደብረ ብርሃን ላይ አየሩ ከባህር ጠረፍ ይልቅ በሩብ ያህል ይሳሳል። የነፋስ ግፊቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል። የመንከባለል ሰበቃው ግን ከፍታን አያውቅም። ናፍጣ ሞተር ደግሞ በቀጭን አየር ይደክማል፤ ኤሌክትሪክ ሞተር ለመሥራት አየር አያስፈልገውም።

ከአውቶቡስ ይሻላል?

ሲሞላ፣ አዎ። ባዶ ሲሄድ፣ አይደለም። አንድ የመንገደኛ ፉርጎ ከ40 ቶን በላይ ይመዝናል። 100 ሰው ቢይዝ ለአንድ ሰው ከ400 ኪሎ በላይ ብረት ይደርሰዋል ማለት ነው። አውቶቡስ ለአንድ ሰው ከዚህ ያነሰ ብረት ነው የሚጎትተው። የሀዲዱ ጥቅም ይህን ክብደት ችሎ ይተርፋል፤ ግን ወንበሩ ግማሽ ሲሆን ትርፉ ይሟሟል። ባቡር ይጠቅማል ብሎ መናገር ብቻ የማይበቃኝ ለዚህ ነው። ሰዓቱን ጠብቆ ካልሄደ፣ ጣቢያው ከከተማ ርቆ ባጃጅ የሚያስከፍል ከሆነ፣ ሰው አይሞላም። ሰው ካልሞላ የፊዚክሱ ትርፍ ወረቀት ላይ ይቀራል። ለጭነት ግን ጥርጥር የለኝም። 100 ገደማ ኮንቴይነር በአንድ ባቡር ከጅቡቲ ሲመጣ፣ ያ ሁሉ ተሳቢ ከመንገድ ላይ ወረደ ማለት ነው።

ለምን የላስቲክ ጎማ አይገጥሙለትም?

የገጠሙ አሉ። የፓሪስና የሞንትሪያል የከተማ ባቡሮች አንዳንዶቹ በላስቲክ ነው የሚሄዱት። መቆንጠጡ ጥሩ ነው፤ ቶሎ ይነሳሉ፣ ቶሎ ይቆማሉ። ዋጋው ሙቀትና ተጨማሪ ኤሌክትሪክ ነው።

የልጆች ኩሽኔታም እንደ ባቡር ነው?

የአንድ የሰባተኛ ክፍል ልጅ ጥያቄ ነው። በጣም ትክክል ነው የጠየቀው። ሳንቃ ላይ ሦስት አሮጌ ኩሽኔታ ገጥሞ ቁልቁል የሚወርድ ልጅ ሁለት ሰበቃ ቀንሷል። አንዱ ብረቱ አለመጨፍለቁ ነው። ሌላው ውስጡ ያሉት ኳሶች ናቸው። የድሮ ፉርጎዎች አክሰሉ በቅባት ውስጥ እየተፋተገ ነበር የሚዞረው፤ ከቆመበት ለማስነሳት ብዙ ጉልበት ይፈልግ ነበር። ኩሽኔታ ሲመጣ ያ ቀለለ። ልጁ አስፋልቱ ላይ ጥቃቅን ጠጠር ሲያገኝ ድንገት የሚቆመውም ለዚሁ ነው፤ ትንሽና ጠንካራ ጎማ ሀዲድ የመሰለ ንጹህ መንገድ ይፈልጋል። ፍሬኑ ጫማ ብቻ ስለሆነ ግን ዋናው መንገድ ላይ አትውረዱ።

ኤሌክትሪክ መሆኑ ለአገር ምን ይጠቅማል?

ናፍጣ ሞተር ከሚጠጣው ጉልበት ወደ ጎማው የሚያደርሰው ቢበዛ 40 በመቶ አካባቢ ነው። ኤሌክትሪክ ሞተር ከሚቀበለው አብዛኛውን ያደርሳል። ናፍጣውን በሙሉ በውጭ ምንዛሪ እንገዛለን። ኤሌክትሪካችን በአብዛኛው ከራሳችን ወንዞች ነው። የጀማ ወንዝ ከእኛው ደጋ ወርዶ አባይ ይገባል። ከደብረ ብርሃን ምዕራብ የወረደው ክረምት ሕዳሴ ላይ ተርባይን ያዞራል ማለት ነው። ይህን ሳስብ ደስ ይለኛል።

እኔ ባቡር የለኝም። ይህ ሁሉ ለመኪናዬ ምን ይረባል?

ጎማችሁን አስለኩ። በዓይን አይደለም፣ በመለኪያ። ጠዋት፣ ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ። የተነፈሰ ጎማ ብዙ ይጨፈለቃል፣ ነዳጅ ይበላል፣ ይሞቃል፣ መጨረሻ ላይ ይፈነዳል።

ወደ ቆላ ሲወርዱ ሙቀቱን ፈርተው ጎማ የሚያስተነፍሱ ሾፌሮች አጋጥመውኛል። አንድ ጊዜ የተሳፈርኩበት መኪና እንዲሁ ተደርጎ ከሸዋ ሮቢት ሳናልፍ ጎማው ፈነዳ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ የኋላ ነበር። ሾፌሩ ከልቡ ለእኛ አስቦ ነው ያደረገው። ግን ጎማ ሲሞቅ የአየሩ ግፊት እንደሚጨምር ታስቦ ነው ልኩ የተሰጠው። ሲያስተነፍሱት መጨፍለቁ ይበዛል፣ መጨፍለቁ ሙቀት ይጨምራል። የፈሩት ነገር ራሱ ይመጣል።

ልኩ የተጻፈው በሾፌሩ በር ጎን ላይ ወይም በመኪናው መጽሐፍ ውስጥ ነው። ለሙሉ ጭነትና ለባዶ የተለያየ ቁጥር ካለው የጫናችሁትን ተከተሉ። ጎሚስታው በልምድ ሲሞላላችሁ ቁጥሩን ንገሩት። ለባለጋሪም ያው ነው፤ ጠዋት ከመውጣታችሁ በፊት ጎማውን ጫን አድርጋችሁ እዩት። ፈረሱ አይናገርም፣ ጎኑ ላይ ያለው ላብ ግን ይናገራል።